ለወጣቶች የሙያ ምርጫ የማያዳላ መካሪ ስለ ማስፈለጉ

የትምህርት ዘመን በሚዘጋበት ወራት በየቤቱ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ይኸውም ልጁ ወይም ልጅቱ ከእንግዲህ ወዲያ ምን ይማሩ፥ በምንስ ሙያ ይተዳደሩ የሚል ነው። ጥያቄው የቤተ ሰብ ጉዳይ ብቻ መስሎ ቢታይም ንግዱን በቀጥታ የሚነካ ነው። የ15 ዓመት ወጣት ዛሬ ሳያውቅ የገባበት መንገድ ከአምስትና ከስድስት ዓመት በኋላ በአስመጪው መጋዘን፥ በላኪው የቡና ማበጠሪያ ቤትና በባለ ሱቁ የሒሳብ መዝገብ ላይ ውጤቱን ያሳያልና።

ነጋዴዎች በተሰበሰቡበት ሁሉ የሚሰማው ሮሮ የታወቀ ነው። ማቀዝቀዣ መጋዘን ያቋቋመው ነጋዴ መሣሪያው በተበላሸ ቍጥር ጠጋኝ ፍለጋ ስልክ ሲደውል ይውላል። አስመጪው የጭነቱን ሰነድ ከኤልሲው ጋር አስተያይቶ ስሕተቱን ዕቃው ጅቡቲ ሳይደርስ የሚያገኝለት ትራንዚተር ይፈልጋል፤ ያላገኘ እንደ ሆነም ዕቃው ወደብ ላይ በቆየበት ቀን ልክ ኪራይ ይከፍላል። ባለ ሱቁም ገቢና ወጪውን በየወሩ ዘግቶ የሚያስረክበው ሒሳብ ያዥ ቢያገኝ ደስታውን አይችለውም። በዚያው ሳምንት ግን ለአንድ የጽሕፈት ሥራ ማስታወቂያ ቢለጠፍ በሩን የሚያጣብቡት ባለ ዲግሪዎች ናቸው። ሰው ሥራ ያጣል፥ ሥራም ሰው ያጣል።

በዚህ ነገር አብዛኛውን ጊዜ የሚወቀሰው ትምህርት ቤት ነው። ወቀሳው ጨርሶ ሐሰት ነው ለማለት አይቻልም። ነገር ግን አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው ሌላ ጉዳይ አለ። ለመሆኑ የማቀዝቀዣ ጠጋኝነት የሚባል ሙያ መኖሩን፥ ለመማር ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈጅና ምን እንደሚያስገኝ ለዚያ ወጣት በ14 ወይም በ15 ዓመቱ የነገረው ማን ነው?

ነገሩ ቀላል እንዳይመስል ያለፉትን ጥቂት ዓመታት የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ውጤት መመልከት ይበቃል። በ2014 ዓ.ም. ፈተናውን ከወሰዱት መካከል ግማሹንና ከዚያ በላይ ነጥብ ያገኙት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2፥ በ2016 ዓ.ም. 5.4፥ በ2017 ዓ.ም. 8.4 ሆኑ። ቍጥሩ ከፍ እያለ መምጣቱ ደስ ያሰኛል። ቢሆንም ከመቶ ተማሪዎች ከዘጠና የሚበልጡት የተመኙትን ነጥብ ሳያገኙ ወደ ቤታቸው ተመልሰዋል። ፈተናው ጠበቀ ወይስ ላላ የሚለው ክርክር ሌላ ነው። የሚያሳዝነው እነዚያ ልጆች ዐሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ በአንድ መንገድ ብቻ ሲነዱ ቆይተው በሩ ጠባብ መሆኑን የሰሙት ደጃፉ ላይ ከደረሱ በኋላ መሆኑ ነው። ያን ጊዜ ስለ ሙያ ትምህርት የሚነገራቸው ምክር እንደ ምክር ሳይሆን እንደ ማጽናኛ ይሰማቸዋል። ማጽናኛ ተብሎ የተሰጠን ሙያ ደግሞ በሙሉ ልቡ የሚይዘው ጥቂት ነው።

ይህ አስተያየት በአንድ ቀን የመጣ አይደለም። ብረት ቀጥቃጩን፥ ሸማኔውንና ቆዳ ፋቂውን በስድብ ስም መጥራት በአገራችን ሥር የሰደደ ነውር ነበር፤ ዳግማዊ ምኒልክም በ1900 ዓ.ም. አካባቢ የእጅ ሠራተኛ እንዳይሰደብ አዋጅ እስከ ማስነገር ደርሰዋል። ከብዙ ዓመታት በኋላ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ለሙያ ትምህርት ሰፊ ቦታ ሰጠ። አሠራሩ ግን በ10ኛ ክፍል ፈተና ከፍ ያለ ነጥብ ያገኘውን ወደ መሰናዶ፥ የቀረውን ወደ ቴክኒክና ሙያ የሚልክ ስለ ነበረ ሕዝቡ ከፖሊሲው ቃል ይልቅ ከድልድሉ ትምህርት ወሰደ። ሙያ ማለት ነጥብ ያነሰው ልጅ የሚሄድበት ቦታ ነው ተብሎ ተተረጐመ። ያ የ10ኛ ክፍል ፈተና ዛሬ ቀርቷል። የቴክኒክና ሙያ ሥልጠናም ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ ለሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ተሰጥቷል። አስተያየቱ ግን ከፈተናው ጋር አብሮ አልቀረም።

እንግዲህ ለወጣቱ ማን ይምከረው? በአሁኑ ጊዜ መካሪ የጠፋ አይደለም፤ የጠፋው በምክሩ የማይጠቀም መካሪ ነው።

ትምህርት ቤት ብዙ ተማሪ ዩኒቨርሲቲ ባስገባ ቍጥር ስሙ ይገናል፤ የግል ትምህርት ቤት ከሆነም በሚመጣው ዓመት ክፍያውን ከፍ ለማድረግ ምክንያት ያገኛል። ስለዚህ እጁ የቀና፥ መሣሪያ ፈታትቶ መግጠም የሚወድ ልጅ ቢያገኝ ወደ ቴክኒክ ትምህርት ቤት ሂድ ብሎ ከመዝገቡ ሊቀንሰው አይቸኩልም። ምክር ሰጪ በስም የተመደበ እንኳ ቢሆን በብዙ ቦታ የክፍል ትምህርቱን እያስተማረ ሥራውን በትርፍ ጊዜው የሚሠራ መምህር ነው። የግል ማሠልጠኛ ኮሌጁ በበኩሉ የምዝገባ ወራት ሲደርስ ወረቀቱን በየትምህርት ቤቱ በር ላይ ያድላል። ወረቀቱ ላይ በብዛት የሚታዩት አካውንቲንግ፥ የኮምፒዩተርና የጽሕፈት ትምህርቶች ናቸው። ምክንያቱ የተሠወረ አይደለም፤ ለእነዚህ ወንበርና ጥቂት ኮምፒዩተር ሲበቃ ቶርኖና የብየዳ መሣሪያ ለመግዛት ግን ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል። ኮሌጁ የሚያስተምረውን ቢያመሰግን አይፈረድበትም፤ ነጋዴም ያላመጣውን ዕቃ አያስተዋውቅም። ሆኖም የሻጭ ማስታወቂያ ምክር ተብሎ መወሰድ የለበትም።

ወላጅም ቢሆን ከአድልዎ ነፃ አይደለም። አባት በልጁ ሙያ ውስጥ የራሱን ክብር ያያል። እናትም በሠፈር ለቅሶና በሠርግ ቤት ልጅሽ ምን ያጠናል ተብላ ስትጠየቅ የምትመልሰውን መልስ ታስባለች። ከሁሉ የከፋው ግን በየመንደሩ እየዞረ ወደ ዓረብ አገር ሂጂ፥ በሁለት ዓመት ቤት ትሠሪያለሽ የሚለው ደላላ ነው። እርሱ የሚያገኘው በአንዲት ልጅ ራስ ስለ ሆነ ልጅቱ ምን ዓይነት እጅ፥ ምን ዓይነት አእምሮ እንዳላት ለመጠየቅ ጊዜ የለውም።

ነጋዴውም ራሱን ከዚህ ዝርዝር ሊያወጣ አይገባም። በመርካቶ የታወቀው ልማድ ለዚህ ምስክር ነው። ከጉራጌ አገር የመጣ ልጅ መጀመሪያ ጫማ ሲጠርግ ወይም ሲላላክ ይቆያል፤ ቀጥሎ በዘመዱ ሱቅ ዕቃ ያወጣል፥ ያስገባል፤ ዋጋን፥ ደንበኛንና የዱቤን ጠባይ ይማራል። ታማኝነቱ ሲረጋገጥ በዱቤ ዕቃ ተሰጥቶት የራሱን ሱቅ ይከፍታል። ይህን ያህል ርካሽና የጠነከረ የሙያ ትምህርት ቤት መንግሥት እንኳ ሊሠራ ቢነሣ ይቸግረዋል። በምናለሽ ተራ ቆርቆሮና ብረት ቀጥቅጦ ምድጃ የሚሠራው ወጣትም ሙያውን ያገኘው ከጐኑ ከተቀመጠው ሠራተኛ ዓይን በዓይን እያየ ነው። ነገር ግን በዚህ መንገድ ልጁ የሚሆነው አጎቱ የሆነውን ነው። አጎቱ ጨርቅ ሻጭ ከሆነ ጨርቅ ሻጭ፥ ብረታ ብረት ሻጭ ከሆነ ብረታ ብረት ሻጭ ይሆናል። ምናልባት ያ ልጅ ለስሌት የተፈጠረ፥ ወይም መልካም ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሊሆን የሚችል ነበር፤ የጠየቀው ሰው ግን የለም። ጌታው ርካሽ እጅ ማግኘቱን እንጂ የልጁን የወደፊት ዕድል እንደማያስብ ደፍሮ መናገር ያስፈልጋል። በዚያ ላይ ልጁ ለስምንት ዓመት የተማረው ሁሉ በወረቀት ስላልተጻፈ ከዚያ ሱቅ ሲወጣ ምንም እንዳልተማረ ሰው ይቈጠራል። ከትምህርት ቤት ውጭ የተገኘ ችሎታ በሙያ ብቃት ምዘና ተፈትኖ የምስክር ወረቀት ሊሰጠው እንደሚችል የሚያውቅ ስንት ባለ ሱቅ ነው? ቢያውቅስ ስንቱ ለሠራተኛው ይነግረዋል? የምስክር ወረቀት ያገኘ ሠራተኛ ደመወዝ ጭማሪ ይጠይቃልና ብዙዎች ዝም ማለትን ይመርጣሉ።

ነጋዴው ከሌሎች ሁሉ የሚበልጥበት አንድ ነገር ግን አለ። የትኛው ሙያ እየሰፋ፥ የትኛው እየጠበበ እንደሚሄድ ከመምህሩም ከወላጁም ቀድሞ ያያል። ለምሳሌ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መንግሥት ሲወስን የመኪና አስመጪዎች በኤሌክትሪክ የሚሠሩትን ማምጣት ጀመሩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የጋራዥ ሙያ መልኩን መለወጡን አስመጪው ያውቃል። የሞተር ዘይትና የነዳጅ ፓምፕ የሚያውቀው መካኒክ ባሉት አሮጌ መኪናዎች ላይ ገና ብዙ ዓመት ይሠራል፤ ለከፍተኛ የኤሌክትሪክ ኃይል ባትሪ ሲደርስ ግን ሥራውን ያልተማረ ሰው እጁን ቢያስገባ ለሞት ሊያደርሰው ይችላል። ዛሬ በ9ኛ ክፍል ያለ፥ መካኒክ መሆን የሚመኝ ልጅ ይህን ከማን ይስማ? አስመጪው በቢሮው የሚያወራው ወሬ ከትምህርት ቤቱ አጥር አልፎ አይገባም። ወሬው የሚደርሰው ልጁ ሠልጥኖ ከወጣ በኋላ ሥራ ሲያጣ ነው።

የላኪዎችም ነገር ከዚህ አይለይም። ቡና ቀምሶ ደረጃውን መለየት ከአገሪቱ ዋና ዋና የወጪ ንግዶች አንዱ የሚመካበት ሙያ ነው። ነገር ግን በከተማ ትምህርት ቤት ያለ ልጅ ቡና ቀማሽነት የሚባል የደመወዝ ሥራ መኖሩን ሳይሰማ 12ኛ ክፍል ሊጨርስ ይችላል። ሥራው በምላስና በማስታወስ እንጂ በጡንቻ የሚሠራ ስላልሆነ ለሴት ልጅ አይመችም የሚባልበት ምክንያት የለም። እንዲያውም ለልጃገረዶች የሚሰጠው ምክር ከሁሉ የጠበበ ነው፤ የጽሕፈት ሥራ ወይም ምግብ ዝግጅት ከተባለላቸው በኋላ ዝርዝሩ ያልቃል።

በሌላ አገር ይህን ችግር እንዴት እንደ ያዙት ማየት ይጠቅማል፤ ሁለት አገሮች በተለይ ለንግድ ሰው ትምህርት ይሰጣሉ። በእንግሊዝ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2011 የወጣው የትምህርት ሕግ ትምህርት ቤቶች ለተማሪዎቻቸው ከአድልዎ ነፃ የሆነ የሙያ ምክር እንዲያስገኙ አስገደደ። ምክሩ የተማሪውን ጥቅም እንጂ የትምህርት ቤቱን ጥቅም እንዳይከተል በሕጉ ተጻፈ። ነገር ግን በዚያ አገር ለትምህርት ቤት የሚሰጠው ገንዘብ የተማሪውን ቍጥር ስለሚከተል ከ16 ዓመት በላይ ያሉትን የሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶች ልጆቹን ለሙያ ኮሌጅ አሳልፎ መስጠት ከበዳቸው። ስለዚህ የቀድሞው የትምህርት ሚኒስትር ሎርድ ቤከር ባቀረቡት ሐሳብ ከ2018 ጀምሮ የሙያ ኮሌጆችና አሠልጣኞች ትምህርት ቤት ገብተው ተማሪዎቹን እንዲያነጋግሩ በሩን መክፈት ግዴታ ሆነ። ብዙ ትምህርት ቤቶች ሕጉን ችላ ስላሉትም ከ2023 ጀምሮ እያንዳንዱ ትምህርት ቤት ከ8ኛ እስከ 13ኛ ዓመት ድረስ ባለው ጊዜ ውስጥ ቢያንስ ስድስት ጊዜ እንዲህ ያለ መገናኛ እንዲያዘጋጅ በሕግ ተወሰነ። ከዚህ የሚታየው ያለ አድልዎ ምከር ብሎ ማዘዝ ብቻውን እንደማይበቃ ነው። ምክሩን የሚያጣምመው ጥቅም እስካለ ድረስ መካሪው ሕጉን እያነበበ እንኳ ያዳላል።

የጀርመን አሠራር ደግሞ ለንግድ ምክር ቤት አባሎች ይበልጥ ይቀርባል። በዚያ አገር ወጣቱ የሳምንቱን ጥቂት ቀን በሙያ ትምህርት ቤት፥ የቀረውን በድርጅት ውስጥ እየሠራ ይማራል፤ ከ300 በላይ የታወቁ ሙያዎችም አሉ። በ1969 የወጣው የሙያ ሥልጠና ሕግ ለንግድና ኢንዱስትሪ ምክር ቤቶች ትልቅ አደራ ሰጥቷቸዋል። የሥልጠናውን ውል የሚመዘግቡ፥ ድርጅቱ ለማስተማር ብቁ መሆኑን የሚመረምሩና በመጨረሻ የሚፈትኑ እነርሱ ናቸው። በፈተናው ጉባኤም አሠሪዎችና ሠራተኞች በእኩል ቍጥር ይቀመጣሉ፤ የሙያ ትምህርት ቤት መምህርም ይጨመርባቸዋል። እስከዚህ ድረስ ያለውን ብዙ ሰው ሰምቶታል፤ ወደ አገራችን የሙያ ሥልጠና የገባው የትብብር ሥልጠና አሳብም ከዚያ ጋር ዝምድና አለው። ብዙ ያልተነገረው ግን ጀርመኖች ዋናውን የምክር ሥራ ለማን እንደ ሰጡ ነው። ወጣቱ የትኛውን ሙያ ይያዝ የሚለውን ያለ ክፍያ የሚመክረው የመንግሥቱ የሥራ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ነው፤ በሕጉም የልጁን ዝንባሌና ችሎታ እንዲሁም የሥራውን ገበያ እንዲመለከት ታዟል። የሚያሠለጥነውና የሚቀጥረው ሌላ ነው፥ የሚፈትነው ሌላ ነው፥ የሚመክረውም ሌላ ነው።

እርግጥ በጀርመን የምክር ቤት አባልነት በሕግ የታዘዘ ሲሆን በእኛ አገር በፈቃድ ነው፤ የገንዘባቸውም ኃይል ከኛ ጋር አይወዳደርም። እንዲህም ሆኖ የሥራው ክፍፍል ያለ ብዙ ወጪ ሊወሰድ የሚችል ነው። በ1939 ዓ.ም. የተቋቋመው የአዲስ አበባ ንግድ ምክር ቤት ታሪክም ሆነ የክፍለ ሀገር ምክር ቤቶች አቋም ነጋዴን ስለ ንግድ ለማሳወቅ የተዘጋጀ እንጂ ልጆችን ለመምከር አይደለም። ስለዚህ ምክር ቤቶች የምክር ቢሮ ይክፈቱ የሚለው አሳብ፥ ምንም እንኳ በቅን ልብ ቢቀርብ፥ አይደገፍም። እንዲህ ያለው ቢሮ ውሎ አድሮ የአባሎቹ ሠራተኛ መመልመያ ይሆናል። ከምክር ቤት የሚፈለገው ሌላ ነው፤ ለመካሪው እውነቱን ማቅረብ።

እውነቱን ማቅረብ ማለት ይህ ነው። አስመጪው፥ ላኪውና ባለ ሱቁ የሚቀጥሯቸውን ሙያዎች፥ ለጀማሪ የሚከፍሉትን ደመወዝ፥ ከአምስት ዓመት በኋላ የሚከፍሉትን፥ ሥራው ሌሊት ወይም መንገድ የሚያስኬድ መሆኑን፥ ሠራተኛው በራሱ ገንዘብ የሚገዛው መሣሪያ ካለም ዋጋውን ሳይሠውሩ ይጻፉ። የሥራው ክፉ ወገንም ይጻፍ። ማቀዝቀዣ መጋዘን ውስጥ መዋል እንደሚበርድ፥ የመጋዘን ኀላፊ ዕቃ ሲጐድል ከኪሱ እንደሚጠየቅ፥ ትራንዚተር ዕቃ በሚገባበት ሰሞን እንቅልፍ እንደማያገኝ ልጁ ከገባበት በኋላ ሳይሆን ከመግባቱ በፊት ይወቅ። ይህ ዝርዝር ለየትምህርት ቤቱና በየወረዳው ላለ የሥራ መሥሪያ ቤት ቢሰጥ መካሪው የሚያነበው ነገር ያገኛል። ዛሬ ከጋዜጣ ማስታወቂያና ከወሬ በቀር የሚያነበው የለውም።

ሁለተኛው ነገር በር መክፈት ነው። የ8ኛና የ9ኛ ክፍል ተማሪ በዓመት አንድ ቀን በቡና ማበጠሪያ፥ በጋራዥ፥ በጉምሩክ አስተላላፊ ቢሮ ወይም በሒሳብ ክፍል ተቀምጦ ቢያይ ከአንድ ወር ንግግር ይበልጥበታል። ባለ ድርጅቱ ግን ከበር ላይ ልጁን እንዲመለምል አይፈቀድለትም፤ ስሙንና ስልኩን እንዲቀበልም አያስፈልግም። ልጁ አይቶ ይሄዳል፥ ከመካሪው ጋር ይነጋገራል፤ ባየው ነገር ባይወድም ይህ እንደ ኪሳራ አይቈጠርም። ይህ ሙያ ለእኔ አይሆንም ብሎ በ15 ዓመት ያወቀ ወጣት ይህንኑ በ22 ዓመት ከሚያውቅ ይሻላል፤ ለራሱም ለሚቀጥረውም።

አንዳንድ ነጋዴዎች ሠራተኛ ካሠለጠኑ በኋላ ተፎካካሪ በደመወዝ ይወስድብናል ይላሉ። አቤቱታው እውነት አለው፤ መፍትሔው ግን ሁሉም ማሠልጠኑ እንጂ ሁሉም እጁን መሰብሰቡ አይደለም። እጁን የሰበሰበው ነጋዴ የሌላውን ሠራተኛ ለመውሰድ ደመወዝ ሲጨምር ከርሞ በመጨረሻ የሚወስደው ሠራተኛ ራሱ ያልቃል። ሌሎች ደግሞ እኛ ያልተማርን ነን፥ ልጆቻችን ግን እንደ እኛ ቆጣሪ ሥር አይቀመጡም ይላሉ። ይህን የሚሉት ብዙውን ጊዜ በዚያው ቆጣሪ ቤት የሠሩ፥ ልጅ ያስተማሩ ሰዎች መሆናቸው ያስገርማል።

አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የሙያና ቴክኒክ ትምህርት በ11ኛና በ12ኛ ክፍል እንዲሰጥ ማድረጉ መልካም ጅምር ነው። ይሁን እንጂ ተማሪው የትኛውን እንደሚመርጥ የሚወስነው ከዚያ በፊት ባሉት ዓመታት ስለ ሆነ በ11ኛ ክፍል የሚጀመር ምክር አሁንም የዘገየ ይሆናል። የግል ኮሌጆች ወረቀት ከነሐሴ ጀምሮ በየትምህርት ቤቱ በር ላይ መበተን ይጀምራል። የነጋዴዎቹ ዝርዝር ከዚያ ወረቀት ቀድሞ በመካሪው ጠረጴዛ ላይ እንዲገኝ ከተፈለገ ደመወዝና የሙያ ስም የሚሞላበት ቅጽ በግንቦት ለአባሎች መታደል፥ በሐምሌም ተሞልቶ መመለስ ይኖርበታል። ቅጹ ከሁለት ገጽ ሊበልጥ አይገባም፤ የድርጅቱም ስም አይጻፍበት።